ከሬንዶን ወዲህ ማንን አሳደግን? የናሽናልስ ደጋፊዎች ሙግት

በደጋፊዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው በአሌክሳንድሪያ የሚኖር የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ክለብ ደጋፊ ነው። የ2025 የውድድር ዘመን በ66 ድልና በ96 ሽንፈት ከተዘጋ በኋላ ያቀረበው ጥያቄ በአንቱታና በሰላምታ የተጀመረ ቢሆንም ውስጡ እሾህ ነበረበት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ክለቡ በ2011 አንተኒ ሬንዶንን ከራይስ ዩኒቨርሲቲ በ6ኛ ቁጥር ከመረጠ ወዲህ በድራፍቱ (ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) 1ኛ ዙር ከወሰዳቸው ወጣቶች መካከል የናሽናልስን መለያ ለብሶ ለኦል ስታር (ለዓመቱ የምርጦች ጨዋታ) የበቃ አንድም ሰው የለም ይላል። ከዚያም ኤሪክ ፌዲን፣ ካርተር ኪቡምን፣ ሴት ሮሜሮን፣ ሜሰን ደናበርግን፣ ጃክሰን ረትሌጅንና ኤላይጃ ግሪንን አንድ በአንድ ከጠራ በኋላ፣ ጥፋቱ ዐይን የሌላቸው የመልማዮች ነው ወይስ የተሰጣቸውን ልጅ ማሳደግ ያልቻሉት የተስፋ ቡድኖች (ከዋናው ቡድን በታች ያሉት) ነው ሲል ይጠይቃል። በመጨረሻም ከሬንዶን በኋላ በድራፍት ያገኘነው እውነተኛ ኮከብ ትሬ ተርነር ብቻ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመረ፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ዋጋ አስከፈለችው።

2ኛው መልስ ሰጪ ጠያቂውን አመስግኖ ፍርዱን ለማለዘብ ሞከረ። ከ2012 እስከ 2019 ክለቡ በአብዛኛው አሸናፊ ስለ ነበር የሚመርጠው ሌሎች ካነሡ በኋላ ከተረፈው ነው፤ በ2013 ራፋኤል ሶሪያኖን፣ በ2015 ደግሞ ማክስ ሸርዘርን ሲያስፈርም ደንቡ በሚያዘው መሠረት የ1ኛ ዙር ዕድሉን አጥቷል። ሸርዘር በዋሽንግተን መለያ በ2016 እና በ2017 የሳይ ያንግን (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ) ሽልማት ወስዶ በ2019 ዋንጫ ያነሣ ስለ ሆነ፣ ለእርሱ የተከፈለው የድራፍት ዕድል ያስቆጫል የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ ይላል። 3ኛዋ በትሕትና፣ ግን ያለ ማመንታት፣ ተርነር በናሽናልስ ድራፍት የመጣ አለመሆኑን አስታወሰች፤ በ2014 በ13ኛ ቁጥር የመረጠው ሳንዲያጎ ነው፣ ወደ ዋሽንግተን የመጣውም በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገ የሦስት ክለቦች ዝውውር ነው። ክር ከፋቹ በ4ኛው ላይ እርማቱን ተቀብሎ አመሰገነ፤ ይህ እውነት የራሱን ክስ ይበልጥ እንደሚያጠነክርለትም አከለ። ልክ ነበር።

5ኛው ታክሲ ነጂ ነው። ጥያቄውን ትቶ ወደ ሰኔ 2010 ወሰደን። በ2009 በ1ኛ ቁጥር የተመረጠው ስቲቨን ስትራስበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የወረወረበትን ያንን ማክሰኞ ምሽት በመኪናው ሬዲዮ እንዳዳመጠው ይተርካል። ከዩኒየን ስቴሽን የጫነው ተሳፋሪ ሆቴሉ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ሂሳቡን ከፍሎ አልወርድም አለ፤ ቆጣሪው ጠፍቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሁለቱ ሰዎች የፒትስበርግን መቺዎች ሲቆጥሩ አመሹ። ስትራስበርግ 14 መቺዎችን በስትራይክ አውት (ኳሱን ሳይመቱ) አሰናበተ፤ የመጨረሻዎቹን ሰባቱን ደግሞ በተከታታይ። ነጂው ይህን ያነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ያ ክንድ በዚያው ዓመት ተቀደደ፣ በ2012 ለጥንቃቄ ሲባል ከጥሎ ማለፉ በፊት እንዲያርፍ ተደረገ፣ በ2019 የዎርልድ ሲሪስ (የቤዝቦሉ የፍጻሜ ዋንጫ) ምርጥ ተጫዋች ሆነ፣ ከዚያም 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ስምንት ጊዜ ብቻ ከጀመረ በኋላ ጨዋታ አቆመ። አንደኛ ቁጥር ያለው ልጅ እንኳ ዕጣው እንዲህ ከሆነ በ25ኛ ቁጥር የተመረጠውን ለምን እንወቅሳለን የሚል ነው ነገሩ።

6ኛው ጨዋታውን ገና የሚለማመድ ሰው ስለ ነበር፣ ሚሊዮኖች የተከፈሉት ልጅ በማግስቱ ሜዳ ላይ የማይታየው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። 7ኛው በትዕግሥት አስረዳው። የተመረጠው ልጅ በመጀመሪያ ወደ ዌስት ፓልም ቢች ማሠልጠኛ ይሄዳል፤ ከዚያ ፍሬድሪክስበርግ፣ ቀጥሎ ዊልሚንግተን፣ ቀጥሎ ሃሪስበርግ፣ በመጨረሻም ሮቸስተር። ዋሽንግተን የሚደርሰው ይህን መሰላል ወጥቶ ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ መሐል ላይ ይቀራል። 8ኛው ልጁን ይዞ በ95 መንገድ ወደ ፍሬድሪክስበርግ በተደጋጋሚ የሚወርድ አባት ነው፤ ከመምቻው ሰሌዳ ጀርባ ካሉት ወንበሮች ያየውን ጻፈ። በዚያ ምሽት የማይወረውሩት ወርዋሪዎች የክለቡን ሸሚዝ ለብሰው፣ አንዱ የፍጥነት መለኪያ ሌላው ወረቀት ይዞ፣ የጓደኛቸውን እያንዳንዷን ውርወራ ይመዘግባሉ። የኳሱ ዓይነት፣ ፍጥነቱ፣ ያረፈበት ቦታ፣ መቺው ያደረገው ሁሉ በትናንሽ ሣጥኖች ውስጥ በምልክት ይሰፍራል። ዕድሜያቸው ከሃያ ብዙ አይርቅም፤ ግማሾቹ በስፓኒሽ ነው የሚያወሩት። አባትየው እንደሚለው፣ ከእነዚያ ወንበሮች ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ማን በስንተኛ ቁጥር እንደ ተመረጠ መለየት አይችልም። በክሩ ውስጥ ካሉት ትዝታዎች ሁሉ ለጥያቄው የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ ያነሣው ሰው ግን ብዙም አልነበረም።

ክርክሩ ሥጋ የለበሰው በ9ኛው ነው። ጸሐፊው ስሜት ሳይቀላቅል የዝውውር መዝገቡን ዘረጋ። በ2010 በ12ኛው ዙር የተመረጠው ሮቢ ሬይ በዳግ ፊስተር ተለውጦ ሄደ፤ በ2021 የሳይ ያንግ አሸናፊ ሆነ። በ2012 በ16ኛ ቁጥር የተመረጠው ሉካስ ጂዮሊቶ ከሬይናልዶ ሎፔዝና ከዴን ደኒንግ ጋር በአዳም ኢተን ተለወጠ፤ በ2020 ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሲወረውር አንድም ሂት (የተሳካ ምት) ያልተመታበት ጨዋታ አስመዘገበ። በ2013 በ4ኛው ዙር የተመረጠው ኒክ ፒቬታ በጆናተን ፓፕልቦን፣ በ2016 በ3ኛው ዙር የተገኘው ኼሱስ ሉዛርዶ ከብሌክ ትራይነን ጋር በሾን ዱሊትልና በራያን ማድሰን ተለወጡ። እነዚህን ሁሉ የመረጠ ዐይን ዕውር ነው ሊባል አይችልም። ከዚህም በላይ አንድ ዘዴ አሳየን። ጂዮሊቶ፣ ፌዲና ሉዛርዶ ሦስቱም በተመረጡበት ዓመት ክርናቸውን የተጎዱ ነበሩ። ክለቡ ሌሎች ሲፈሩ የሚያነሣው እንዲህ ያለውን ልጅ ነበር፤ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቁጥር ድረስ የማይወርደውን ክንድ በመጠበቅ ዋጋ ገዛው ማለት ነው። ዱሊትልና ኢተን ባይመጡ የ2019 ዋንጫ ስለ መምጣቱ እርግጠኛ የሚሆን አለ ወይ ሲል ደመደመ። ሁለት ሰዎች ዝውውሮቹ ውስጥ ፓፕልቦንን ሲያዩ በ2015 የገዛ ቡድን ባልደረባውን ብራይስ ሃርፐርን በተቀመጡበት ስፍራ አንገቱን ያነቀበትን ቀን አነሡ፤ ለጥቂት ጊዜ ሳቅ ሆነና ወደ ነገሩ ተመለሱ።

10ኛው ግን ጨዋነቱን ሸኘው። ጥሩ ዘር ገዝቶ ለጎረቤት ማሳ ማበርከት ችሎታ አይባልም አለ። ሬይ ዲትሮይትን አልፎ አሪዞና እስኪደርስ አላበበም፤ ፌዲን ናሽናልስ ከለቀቀው በኋላ ኮሪያ ሄዶ በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እንዲህ ከሆነ እዚህ ሳሉ ምን ሲማሩ ነበር? ክለቡ በመረጃ ትንተናና በውርወራ መለኪያ መሣሪያዎች ከእኩዮቹ ኋላ መቅረቱ ለዓመታት ሲወቀስበት የኖረ ነገር መሆኑን ጠቅሶ፣ በዚህ መድረክ ያሉ ሰዎች የድራፍት ቀን ብቻ እየመጡ ይጮኻሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ዓመታት ማን ያያቸዋል ሲል ወቀሰ። አነጋገሩ ሸካራ ነው፤ እኔ ግን ከሞላ ጎደል እውነቱ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ይሁን እንጂ 11ኛዋ ዝም ብላ አላለፈችውም፤ ጂዮሊቶም ቢሆን ቺካጎ እንደ ገባ ወዲያው እንዳልተሳካለት፣ በ2018 በየዘጠኙ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ) ከስድስት በላይ ነጥብ ሲቆጠርበት እንደ ከረመ አስታወሰች። በተጨማሪም ሁሉም ሰው ድራፍት ድራፍት ሲል የዶሚኒካን ልጆች በድራፍት እንደማይመጡ ረሳ አለች። ክለቡ በ2006 1 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር የከፈለበት የዶሚኒካን ወጣት በ2009 በሌላ ሰው ስም የፈረመና ከተነገረው በአራት ዓመት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ የያኔው የክለቡ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጂም ቦውደን ከኃላፊነቱ የለቀቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ያው ክለብ በ2015 በ1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ኹዋን ሶቶን አስፈረመ፤ ሶቶም በ19 ዓመቱ ዋናው ቡድን ውስጥ ገባ። ስለዚህ ማሳደግ ፈጽሞ አይችሉም ማለት ግነት ነው። 10ኛው ተመልሶ፣ ሶቶን እግዜር ነው ያሳደገው አለ።

ከ12 እስከ 14 ያሉት መልሶች ወደ ኑሮ ዞሩ። አንዷ በተስፋ ቡድን ያለ ልጅ በምን እንደሚተዳደር ጠየቀች፤ መልሱ የመጣው ከሂሳብ ሠራተኛ ነው። በ2023 ተጫዋቾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በማኅበር ተደራድረው ባገኙት ስምምነት ዝቅተኛው ዓመታዊ ክፍያ ፍሬድሪክስበርግ ባለበት ደረጃ 26,200 ዶላር፣ ሃሪስበርግ ባለበት 30,250 ዶላር፣ ሮቸስተር ባለበት ደግሞ 35,800 ዶላር ሆኗል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር የፊርማ ክፍያ የሚያገኙት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ልጆች ናቸው፤ በ15ኛው ዙር የመጣው ከእነርሱ ጋር አንድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ይጓዛል። ወሬው ከዚህ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የቤት ኪራይ ሊሻገር ሲል ከፋቹ በጨዋ ቋንቋ መለሰው።

ከ15 እስከ 20 ያለው ጠብ ነው። 15ኛው በ2023 ፖል ስኪንስን ትተን ዲላን ክሩስን መውሰዳችን ይቅር የማይባል ነው ብሎ ጻፈ። ስኪንስ በ2024 የናሽናል ሊግ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ፣ በ2025 ደግሞ የሳይ ያንግ አሸናፊ ሲሆን፣ 9 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለው ክሩስ በ2025 ጎኑን ተጎድቶ ለወራት ተቀምጧል፤ ሲጫወትም ምቱ ደካማ ነበር። ቁጭቱ ይገባኛል፤ ችግሩ ስኪንስን ፒትስበርግ በ1ኛ ቁጥር ወስዶት ስለ ነበር የናሽናልስ ተራ ሲደርስ በሜዳው አለመኖሩ ነው። ሁለቱ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ነበሩ፣ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ወጡ፤ በቃ። ይህን ቀላል ነገር ለማስረዳት አምስት መልሶች መባከናቸው ይገርማል። 16ኛው እርማቱን ሲሰጥ አንቱታውን አውልቆ ጥሎ፣ 15ኛውን በ2019 ዋንጫ ማግስት ኮፍያ ገዝቶ የመጣ ደጋፊ ነህ ብሎ ሰደበው። 17ኛው እርሱ በአርኤፍኬ ስታዲየም በ2005 ክለቡ ከሞንትሪያል ሲመጣ እንደ ነበረ በመጥቀስ የዕድሜ ፉክክር ውስጥ ገባ። 18ኛው የሚጠቅም ነገር ጣል አደረገ፤ ጥያቄው መሆን ያለበት ስኪንስ ሳይሆን ቴክሳስ በ4ኛ ቁጥር የወሰደው ዋያት ላንግፎርድ ነው አለ። ማንም አልሰማውም። የመድረኩ አስተባባሪ በ20ኛው ላይ ሁለቱን ሰዎች አስጠንቅቆ አንድ መልስ ሰረዘ።

ቁጣው የበረደው በ21ኛው ነው። ጸሐፊዋ የድራፍቱ ተራ የሚወጣበትን የዕጣ ደንብ አብራራች። በታኅሣሥ 2023 በተደረገው ዕጣ ለ2024 አንደኛ ቁጥር የወጣው በእርግጥ የናሽናልስ ነበር። ይሁንና ገቢው ከፍ ያለ ገበያ ውስጥ ያለ ክለብ በሁለት ተከታታይ ዓመታት የዕጣ ተጠቃሚ አይሆንም የሚል ደንብ ስላለ ዕጣው ተሰርዞ እንደገና ወጣ፤ አንደኝነቱ ለክሊቭላንድ ሆነ፣ ናሽናልስ በ10ኛ ቁጥር ሲቨር ኪንግን ወሰደ። ክለቡ እስኪሻለው መሸነፍ ነው መፍትሔው ለሚሉት ሁሉ ይህ በቂ መልስ መሆኑን ተናገረች። በ55 ድልና በ107 ሽንፈት የጨረስነውን የ2022ን ዓመት የታገሥነው ለዚህ ከሆነ የሰው ትዕግሥትም ልክ አለው ብላ ዘጋች።

ስለ ናሽናልሱ መቺ ስለ ጄምስ ውድ የተጻፉት 22ኛውና 23ኛው መልሶች የተለየ ሙቀት አላቸው። ውድ ያደገው በኦልኒ፣ ሜሪላንድ ነው፤ የብዙዎቻችን ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ልጅ ነው። 22ኛዋ ወንድ ልጇ ቤዝቦል እንዲጫወት የፈቀደችው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሆነውን ይህን ሰው ሰኔ 2025 ላይ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው እንዳይመታ ሲያሳልፉት ካየ በኋላ እንደ ሆነ ጻፈች፤ እንዲህ የተደረገበት ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው በ2004 ባሪ ቦንድስ ነበር። 23ኛው ግን ደስታውን ወደ ክሱ መለሰው። በ2021 ድራፍት ናሽናልስ በ11ኛ ቁጥር ብሬዲ ሃውስን፣ በ2ኛው ዙር ዴይለን ላይልን ሲመርጥ ውድ ገና አልተነሣም ነበር፤ ሳንዲያጎ በዚያው በ2ኛው ዙር አነሣው። የጎረቤታችንን ልጅ ሁለት ጊዜ ካለፍነው በኋላ መልሰን ለማግኘት በ2022 ሶቶን መሸጥ ነበረብን። 24ኛው መልስ ሰጪ ይህ ክስ በከፊል ብቻ እውነት ነው አለ፤ ሌሎቹም ክለቦች አልፈውታል፣ ላይልም በ2025 ወደ .300 የተጠጋ ጥሩ የምት አማካይ ያስመዘገበ ልጅ ነው፣ በዚያው ድራፍት በ7ኛው ዙር የተገኘው ጄኮብ ያንግም በመሐል ሜዳ የሚሮጥበት ብቃት ማንም የማይክደው ነው። ይህ ነጥብ የከፋቹን ዝርዝር የሚነቀንቅ ነው፤ የ1ኛ ዙርን ብቻ የሚቆጥር ሰው ላይልንና ያንግን አያይም።

ከዚያ ወደ ኤላይ ዊሊትስ፣ ወደ 2025ቱ የክለቡ 1ኛ ምርጫ፣ ተደረሰ። የክለቡ ዋና ኃላፊ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ከሥራ የተሰናበቱት በሐምሌ 2025፣ ድራፍቱ ሊካሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ምርጫው በጊዜያዊው ኃላፊ በማይክ ዲባርቶሎ እጅ ወደቀ፤ እርሱም በ1ኛ ቁጥር የኦክላሆማውን የ17 ዓመት ሾርትስቶፕ (የውስጥ ሜዳ ተከላካይ) ወሰደ። አባቱ ሬጂ ዊሊትስ በኤንጅልስ የተጫወተ ነው። 25ኛው ኬድ አንደርሰን የመሰለ የበሰለ ግራኝ ወርዋሪ እያለ፣ ኢተን ሆሊዴይም እያለ ይህን ልጅ መውሰድ ገንዘብ ቁጠባ ነው ብሎ ተቆጣ። 26ኛው፣ ያው 9ኛውን የጻፈ ሰው፣ በዝርዝር መለሰ። ለእያንዳንዱ ምርጫ ሊጉ ዋጋ ይቆርጣል፤ ክለቡ የሚያወጣው የሁሉም ድምር ነው የሚታሰበው፤ ድምሩን በብዙ ካለፈ ቅጣት አለ፣ የወደፊት ምርጫንም ያሳጣል። ለ1ኛ ቁጥር የተቆረጠው ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ዊሊትስ በ8 ነጥብ 2 ሚሊዮን ፈረመ። የተረፈው ገንዘብ ኪስ አልገባም፤ እንደ ላንደን ሃርመን ያሉ፣ ካልተከፈላቸው ዩኒቨርሲቲ ይገቡ የነበሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወርዋሪዎች በ3ኛው ዙርና ከዚያ በታች ተወሰዱበት። ለአንድ ታላቅ ተስፋ ሁሉን ከማፍሰስ ለአራትና ለአምስት ልጅ ማካፈል ነው ነገሩ። 27ኛው ሂሳቡን እንደ ተረዳ፣ ነገር ግን አምስት የ18 ዓመት ልጅ ለማሳደግ የሚችል ቤት መኖር እንዳለበት፣ ቤቱ ደግሞ አሁን ድረስ ሲወቀስ የነበረው ያው ቤት መሆኑን ጻፈ። 28ኛውና 29ኛው ይህን ደገፉ፤ ኤላይጃ ግሪን በ5ኛ ቁጥር መጥቶ በዝቅተኛው ደረጃ እንኳ ከመምታት ይልቅ በስትራይክ አውት መመለሱ እንደ ምሳሌ ቀረበ።

የቀሩት መልሶች የሚያወሩት ስለ አዲሱ ኃላፊ ነው። ፖል ቶቦኒ ከቦስተን የመጣ፣ እዚያም የአማተር ምልመላውን ይመራ የነበረ ሰው ነው፤ 30ኛዋ በ2022 በ79ኛ ቁጥር የተመረጠውን ሮማን አንተኒን እንደ ማስረጃ አቀረበች። 31ኛው ቦስተን ሮማንን የመረጠበትን ዐይን ትቶ በሦስት ዓመት ውስጥ ያሳደጉትን አሠልጣኞች ይዞ ቢመጣ ይሻል ነበር አለ። ክር ከፋቹ በ32ኛው ተመልሶ ቶቦኒን ለመፍረድ ሦስት ዓመት እንደሚጠብቅ ገለጸ፤ 10ኛው ደጋግሞ የጻፈው ያው ሰው፣ ሦስት ዓመት ሪዞም ተሰጥቶት ነበር ብሎ አልተስማማም። የመጨረሻውን ነጥብ ያስገባችው የዕጣውን ደንብ ያብራራችው ናት። በ2025 አንደኛ ቁጥር ስለ ወሰድን፣ ያው ደንብ በ2026 ከ10ኛ በፊት እንዳንመርጥ ይከለክለናል፤ 96 ጊዜ ተሸንፈንም ቢሆን። ስለዚህ በመጪው ሐምሌ ስለሚመረጠው ልጅ ከመጨቃጨቅ፣ ክሩ ወደ ፍሬድሪክስበርግና ወደ ዊልሚንግተን የየሳምንቱ ውጤት መከታተያ እንዲቀየር፣ ከሆም ራን ይልቅም በነፃ የማለፍና የስትራይክ አውት ቁጥሮች እንዲመዘገቡ ሐሳብ አቀረበች። 8ኛው አባት ከሚያዝያ ጀምሮ የፍሬድሪክስበርግን እርሱ ሊይዝ ተስማማ፤ ለሃሪስበርግ እስካሁን ፈቃደኛ አልተገኘም።